ለፌዛንትና ለትናንሽ አውሬዎች አደን የትኛውን የሾትገን ጥይት ልግዛ?

ባለሁለት አፍ (ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ጀማሪ አዳኝ ነኝ፤ በመጪው ኦክቶበር ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ፌዛንት ለሚባለው የዱር ወፍ አደን ወደ ሳውዝ ዳኮታ እሄዳለሁ። ጠመንጃዬ ከአንድ ጡረተኛ ጎረቤቴ የገዛሁት ባለ 12 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) ሾትገን፣ ማለትም ፍሬ በታኝ ጠመንጃ ሲሆን ሁለቱ አፈሙዞቹ ጎን ለጎን የተገጠሙ ናቸው። ዕድሜው ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ሲከፈት በጎኑ 2¾ የሚል ቁጥር ተቀርጾበት ይታያል፤ ቾኩ (የአፈሙዙ ጫፍ ጥበት) የማይፈታ ነው፤ ጎረቤቴ እንደነገረኝም ቀኙ ሞዲፋይድ (መካከለኛው ጥበት)፣ ግራው ደግሞ ፉል (ጠባቡ) ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጥይት ልገዛ ሄጄ መደርደሪያው ፊት ግማሽ ሰዓት ተገትሬ ቆየሁ። አንዱ ሳጥን ላይ 4፣ ሌላው ላይ 6፣ ሌላው ላይ 7½ ይላል፤ አንዱ እርሳስ፣ አንዱ ብረት፣ አንዱ ቢስሙዝ የሚባል ማዕድን ነው፤ ዋጋቸውም አይቀራረብም። ሻጩ የበረራ ላይ ፌዛንት የተሳለበትን ሳጥን አንስቶ ሰጠኝ፤ ሥዕሉ ያማረ ቢሆንም ሥዕል አይቼ ጥይት መግዛት ስላልፈለግሁ ባዶ እጄን ተመለስኩ። የሸክላ ዒላማ ስለማመድ የተረፈኝ ሁለት ሳጥን ቁጥር 7½ የእርሳስ ጥይት ቤቴ አለ። በዚያ መሄድ እችላለሁ? ካልቻልኩስ ምን ልግዛ?

የሱ ፎልሱ ሽማግሌ (ሳውዝ ዳኮታ)

እንኳን ደህና መጡ ወንድሜ። ከጥይቱ በፊት ወፉን ላስተዋውቅዎት። ፌዛንት የዚህ አገር ተወላጅ አይደለም፤ ዘሩ ከእስያ የመጣ ሲሆን በሳውዝ ዳኮታ የመጀመሪያው የአደን ወቅት የተከፈተው በ1919 በስፒንክ ካውንቲ ነው፤ ዛሬ የክፍለ ግዛቱ መለያ ወፍ ሆኗል። መተኮስ የሚፈቀደው አውራውን ብቻ ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን ሦስት። አውራው ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ላባው ድርብርብ፣ አጥንቱ ጠንካራ ነው። ባሕርዩን ለመግለጥ ደግሞ ከቆቅ የባሰ ቆቅ ነው ብል ይበቃል፤ እግር እያለው ክንፉን አያደክምም፣ እንደ ጅግራ እየሮጠ ፊላው ውስጥ ይሰወራል። ክንፉ ብቻ ተሰብሮ የወደቀ ፌዛንት ውሻ ከሌለዎት ጠፋ ማለት ነው።

ስለዚህ 7½ን እዚያው ለሸክላው ይተዉት። ከውሻ አፍንጫ ሥር ብድግ የሚልን ወፍ በ20 ያርድ (አንድ ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) ሊጥል እንደሚችል አልክድም፤ በ35 ያርድ ላይ ከኋላው የተመታን አውራ ግን አቁስሎ ይሰድደዋል። እርሳስ ከሆነ ለወቅቱ መክፈቻ ቁጥር 6 ወይም 5 ጥሩ ነው። እኔ ለ22 ዓመታት ካደንኩ በኋላ 5 ላይ ረግቻለሁ።

አሁን ዋናውን ጥያቄ እኔ ልጠይቅዎት፤ የምታድኑት የግል መሬት ላይ ነው ወይስ የሕዝብ መሬት ላይ? በፌዴራሉ የውኃ ወፎች ማራቢያ መሬቶችና ክፍለ ግዛቱ ለአደን በያዛቸው መሬቶች ላይ በሾትገን ትናንሽ አውሬ ሲታደን የእርሳስ ጥይት ክልክል ነው። በፌዴራሉ መሬት ላይ ደግሞ መተኮስ ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘትም ያስቀጣል። የአደን ሰደርያዎ ኪስ ውስጥ ካለፈው ልምምድ የተረሳች አንዲት 7½ ብትገኝ ተቆጣጣሪው «ረስቼው ነው» የሚለውን አይሰማም። ከመሄድዎ በፊት ኪስዎን ገልብጠው ያራግፉ፤ የዓመቱን የአደን መመሪያም ያንብቡ።

መሐንዲሱ (ዴንቨር)

ቁጥሩ ለምን ወደ ኋላ እንደሚቆጠር ግራ ለገባው ሰው አንድ ቀላል ስሌት አለች። ከ17 ላይ የጥይቱን ቁጥር ቀንሱ፤ የሚቀረው ጥይቱ ውስጥ ካሉት ድብልብል ፍሬዎች የአንዷ ስፋት በመቶኛ ኢንች ነው። ቁጥር 5 ማለት 12 መቶኛ ኢንች፣ ማለትም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ቁጥር 7½ ደግሞ 2.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ በዓይን ሲታይ ኢምንት ቢመስልም ክብደት ላይ እጥፍ ነው፤ በአንድ አውንስ እርሳስ ውስጥ 350 ገደማ የ7½ ፍሬዎች ሲገኙ የቁጥር 5 ግን 170 ገደማ ብቻ ናቸው፤ የቁጥር 6 ደግሞ 225። (አውንስን እኛ ከወርቅ ቤት የምናውቀው ወቄት ብላችሁ አስቡት፤ 28 ግራም ገደማ ነው።)

የምርጫው ጣጣ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀላል ፍሬ አየሩ ቶሎ ያደክመዋል፤ ወፉ ዘንድ ሲደርስ ላባውን አልፎ የሚገባበት ኃይል ይጎድለዋል። ከባዱ ፍሬ ኃይሉን ይዞ ይደርሳል፤ ቁጥሩ ግን ጥቂት ስለሆነ በፍሬና በፍሬ መካከል ወፉ የሚያልፍበት ክፍተት ይፈጠራል። ለርግብ 8 ወይም 7½ የሚመረጠው ወፏ ትንሽ፣ ላባዋም ስስ ስለሆነ ነው፤ ብዙ ፍሬ እንጂ ከባድ ፍሬ አያስፈልጋትም። ለድርጭትም እንዲሁ።

ሳጥኑ ላይ «ማግነም» (ከመደበኛው የበረታ ጥይት) የሚል ቃል አይታችሁ አትደናገጡ። ትከሻችሁን ይመታል እንጂ የተሳሳተ ተኩስ አያቃናም።

እቴጌ (ሳክራመንቶ)

እኛ ካሊፎርኒያ ያለነው ሰዎች ምርጫው ቀሎልናል፤ ከጁላይ 2019 ጀምሮ ለማንኛውም አደን የእርሳስ ጥይት አይፈቀድም። እኔ የምተኩሰው ብረት ነው፤ ስለ ብረት ልናገር።

የእርሳስ እፍጋት ከውኃ 11 እጥፍ ሲሆን የብረት ከ8 ያንሳል። ስለዚህ በእርሳስ 5 የሚለው ሰው ብረት ሲገዛ ሁለት ቁጥር ወደ ትልቁ ይወርዳል፤ 3 ይገዛል። የሁለቱ አንዷ ፍሬ ክብደት ሊስተካከል ምንም አይቀረው። ለፌዛንት ብረት ከሆነ 3 ወይም 2 ነው፤ በሴፕቴምበር 1 ወቅቱ ለሚከፈተው የርግብ አደን ግን እኔ ብረት 7 እጠቀማለሁ። ብረት ጠንካራ ስለሆነ አፈሙዙ ውስጥ ቅርጹ አይበላሽም፤ በዚህም ምክንያት ፍሬዎቹ ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ጠባብ ቾክ አያስፈልገውም፣ እንዲያውም አይመከርም።

የወጥ ቤቱን ጉዳይም አንርሳ። ብረት በጥርስ ላይ ምሕረት የለውም። እኔ ሥጋውን ከማጠቤ በፊት ጠንካራ ማግኔት በጡቱና በጭኑ ላይ አሳልፋለሁ፤ ፍሬው ካለ ማግኔቱ ሳብ ሲል በጣቴ ይሰማኛል። እርሳስና ቢስሙዝ በማግኔት አይያዙም፤ እነሱን የምታገኟቸው ቀዳዳውን ተከትላችሁ ነው፤ ፍሬው ሲገባ ላባ ይዞ ስለሚገባ በቀዳዳው ውስጥ የተጠቀለለች ላባ ታገኛላችሁ፤ ላባዋን ስትጎትቷት ፍሬውም አብሮ ይወጣል። እርሳስ የምትጠቀሙ ሰዎች፣ ቤታችሁ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ካለ ይህን ሥራ በችኮላ አትሥሩት፤ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን የጠቆረ ሥጋም ቆርጣችሁ ጣሉት። ድልህ ውስጥ ከገባ በኋላ ፍሬ መፈለግ ከንቱ ልፋት ነው።

ባለሁለት አፍ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የምናድነው በአብዛኛው የሕዝብ መሬት ላይ ነው፤ ስለዚህ እርሳሱ ቀረ ማለት ነው። ብረቱ ርካሽ ስለሆነ ወደ እሱ አዘንብዬ ነበር፤ እቴጌ ስለ ጠባብ ቾክ የጻፉትን ሳነብ ግን የግራው አፈሙዜ ፉል መሆኑ አሳሰበኝ። ሌላም ጥያቄ አለኝ፤ ባልደረባዬ ባለ 3 ኢንች ጥይት ሰጥቶኝ ቤት ሞክሬው ነበር፤ ማጉረሻው ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። የገባ ጥይት ይተኮሳል ማለት ነው?

የሱ ፎልሱ ሽማግሌ

አይተኮስም! ይህን በትልቁ ጽፈው ጠመንጃው ማስቀመጫ ላይ ይለጥፉት። 3 ኢንች የሚባለው ርዝመት የተተኮሰው ቀለህ ጫፉ ከተዘረጋ በኋላ ያለው ርዝመት ነው፤ ከመተኮሱ በፊት ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ስለተዘጋ ጥይቱ ያጥራል፤ አጭር ማጉረሻ ውስጥም ያለ ችግር ይገባል። ሲተኮስ ግን ጫፉ የሚዘረጋበት ቦታ አጥቶ ማጉረሻው ወደ አፈሙዙ የሚጠብበትን አንገት ይዘጋዋል፤ ፍሬውና ጋዙ በዚያ ጠባብ መንገድ ሲገፉ ግፊቱ ጠመንጃው ከተሠራበት ልክ ያልፋል። የእርስዎ ማጉረሻ 2¾ ካለ የሚያጎርሱት 2¾ ብቻ ነው፤ ሚሊ ሜትር በሚጽፉ የአውሮፓ ሳጥኖች ላይ 70 የሚለው ማለት ነው።

ስለ ደኅንነት ከተነሣ አይቀር፣ ከባልደረቦችዎ መካከል ባለ 20 ጌጅ የያዘ አለ? ካለ ጥይቶቻችሁ በአንድ ኪስ፣ በአንድ ከረጢትም እንዳይገናኙ። የ20 ጌጅ ጥይት ከ12ቱ ስለሚቀጥን ባለ 12 ውስጥ ሲገባ አይወድቅም፣ አይተኮስምም፤ ማጉረሻውን አልፎ ይንሸራተትና አፈሙዙ መጀመሪያ ላይ ይሰነቀራል። ተኳሹ ቃታ ስቦ ዝም ሲለው ያላጎረሰ መስሎት ባለ 12ቱን ከኋላው ይጨምራል፤ ያን ጊዜ አፈሙዙ የግራ እጁ ባለበት ቦታ ላይ ይፈነዳል። አሜሪካ ውስጥ የ20 ጌጅ ቀለህ ቢጫ እንዲሆን የተደረገው ለዚህ ነው። የኔታ ፊደል እንዳስቆጠሩን እኔም ልጆቼን «ቢጫ ለቢጫው» እያልኩ አስቆጥሬያለሁ።

ብረቱን በተመለከተ፣ ብረት በገበያ ላይ ከመስፋፋቱ በፊት የተሠራ፣ ቾኩ የማይፈታ፣ አንዱም አፍ ፉል የሆነ ጠመንጃ ላይ እኔ ብረት አላጎርስም። ብረት እንደ እርሳስ አይጨመቅም፤ በጠባቡ አፍ ሲወጣ ብረት ከብረት ጋር ይገፋፋል፣ አፈሙዙም ጫፉ ላይ ሊያብጥ ይችላል። ለእርስዎ የሚስማማው ቢስሙዝ ነው። እንደ እርሳስ ባይከብድም ከብረት ይከብዳል፤ ለስላሳ ስለሆነ አሮጌ አፈሙዝን አይጎዳም፤ በሕዝብ መሬት ላይም የተፈቀደ ነው። ቁጥር 5 ይግዙ። ከዚያ በፊት ግን ጠመንጃውን ለጠመንጃ ጠጋኝ ያሳዩት፤ ማጉረሻውንና ቾኩን በመሣሪያ ይለካልዎታል። «ጎረቤቴ እንደነገረኝ» የሚለው ቃል ላይ እምነት አይጣልም።

ወለዬው (ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ)

ርዕሱ ትናንሽ አውሬዎችንም ስለሚል እኔም የድርሻዬን ላክል። እኔ የማድነው ጥንቸልና ስኩዊረል፣ ብዙዎቻችን ሽኮኮ የምንለውን ነው። ለጥንቸል የእርሳስ ቁጥር 6 በ28 ወይም በ32 ግራም ይበቃል፤ ከ25 ያርድ በላይ ርቃ የምትገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው፣ ቆዳዋም ስስ ነው። ስኩዊረል ግን ሰውነቱ ትንሽ ሆኖ ቆዳው እንደ ጠፍር የጠነከረ ነው፤ ረጅም ዛፍ ጫፍ ላይም ስለሚሆን ከቁጥር 6 የቀጠነ ፍሬ አልጠቀምም፤ ሞዲፋይድ ቾክ እጠቀማለሁ። ቀጫጭን ፍሬ ለጥንቸል የሚመክሯችሁን አትስሙ፤ ሥጋውን ወንፊት ያደርገዋል።

ክርስቲያን ወንድሞቼ ጥንቸል እንደማትበሉ አውቃለሁ፤ እኔ ደግሞ ጥንቸሏን እበላለሁ፣ ስኩዊረሉን ለአሜሪካዊው ጎረቤቴ እሰጣለሁ። እኛ ቃታውን ስንስብ ቢስሚላህ እንላለን፤ በሕይወት የደረስንበትን ደግሞ ወዲያው እናርዳለን። እናንተ በወፉ ላይ እንዴት ታደርጋላችሁ?

የሱ ፎልሱ ሽማግሌ

ደግ ጥያቄ ነው፤ ከጥይት ምርጫውም ጋር ይገናኛል። እኔ ሳይታረድ የሞተ በክት ነው ተብዬ ስላደግሁ መጀመሪያ ሰሞን ወፉ እንዳይሞትብኝ ብዬ ሆን ብዬ ትናንሽ ፍሬ እጠቀም ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? ሦስት አቁስዬ አንድ አገኝ ነበር፤ ሁለቱ ፊላ ውስጥ ቀርተው የቀበሮ ራት ይሆናሉ። ከዚያ ንስሐ አባቴን ጠየቅሁ፤ የሰጡኝ ምክር በእኔና በእሳቸው መካከል ይቅር፤ ቁጥር 5 የገዛሁት ግን ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ወፉ እንደወደቀ ሮጬ እደርሳለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ብዬ አርደዋለሁ። ስለት ያለው ቢላ ከቀበቶዬ ተለይቶ አያውቅም። እያንዳንዱ በዚህ ላይ የየራሱን አባት ይጠይቅ፤ እዚህ መድረክ ላይ ሃይማኖት አንፈርድም።

መሐንዲሱ

ወደ ጥይቱ እንመለስ። ባለሁለት አፍ፣ ቢስሙዙን ገዝተው በቀጥታ ወደ ሜዳ አይሂዱ። ሁለት ጠመንጃዎች አንድ ዓይነት ጥይት ቢጎርሱ እንኳ አበታተናቸው አንድ አይደለም፤ ይህን የሚነግርዎት ሳጥኑ ሳይሆን ወረቀት ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ወረቀት ዘርግተው በ40 ያርድ ላይ መሃሉን ይተኩሱ። ከዚያ ቀዳዳው በብዛት በተሰበሰበበት ዙሪያ 76 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ያሥምሩና በውስጡ ያለውን ይቁጠሩ። በልማዱ ሞዲፋይድ ከጠቅላላው ፍሬ 60 በመቶ ያህሉን፣ ፉል 70 በመቶ ያህሉን በክቡ ውስጥ ያሳርፋል ይባላል። በአንድ ወረቀት አይፍረዱ፤ ከየአፈሙዙ ቢያንስ ሦስት ሦስት ይተኩሱ። ቁጥሩንም ብቻ አይዩ፤ የአውራ ፌዛንት ጡት የሚያህል ባዶ ቦታ በክቡ ውስጥ ስንት እንዳለ ይመልከቱ።

ባለሁለት አፍ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ጠጋኙ ማጉረሻው በእርግጥ 2¾ መሆኑን ለክቶ አረጋገጠልኝ፤ ቀኙ ሞዲፋይድ፣ ግራው ፉል መሆኑም እንዲሁ። ጎረቤቴ ይቅር ይበለኝ። 35 ግራም የሚመዝን የቁጥር 5 ቢስሙዝ ገዛሁ፤ 25 ጥይት የያዘው ሳጥን ከ50 ዶላር በላይ አስወጥቶኛል፤ ስድስቱን ወረቀት ላይ ስተኩስ ገንዘብ የምበትን መሰለኝ።

አንዱ ጥይት 245 ገደማ ፍሬ ይይዛል። ቀኙ አፍ በሦስቱ ወረቀቶች በአማካይ 139፣ ግራው 170 አሳርፏል። በእስክርቢቶ እያንዳንዷን ቀዳዳ እያከበብኩ ስቆጥር ሴት ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ አብራኝ ቆጠረች፤ ሁለት ጊዜ አሳስታኛለች። ያልጠበቅሁት ነገር የግራው አፍ ፍሬዎች መሃል ከምልክቱ አንድ ስንዝር ወደ ላይ ከፍ ብሎ መገኘቱ ነው። ይህ ችግር ነው?

እቴጌ

ለሚነሣ ወፍ ጥቂት ከፍ ማለቱ ይጠቅማል፤ ወፉን ከአፈሙዙ በላይ እያዩት ይተኩሳሉ። ልማድዎ ወፉን በአፈሙዙ መሸፈን ከሆነ ግን ያስቡበት።

ይልቅስ ጀማሪን የሚያሸንፈው የጥይቱ ቁጥር ሳይሆን ወደ ኋላ መተኮስ ነው፤ ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ ይሆናል። ፍሬው 30 ያርድ ለመድረስ ወደ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይወስድበታል፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚበር ወፍ በዚያች ቅጽበት ወደ 1.4 ሜትር ይሄዳል። ረጅሙ ጅራቱም ዓይንን ይስባል። ከጅራቱ ፊት ያለውን፣ አንገቱ ላይ ያለውን ነጭ ቀለበት ይፈልጉ፤ አፈሙዙን ከእሱ ፊት እያሳለፉ ቃታውን ይሳቡ፤ ከሳቡም በኋላ እጅዎን አያቁሙ።

ባለሁለት አፍ

ከሳውዝ ዳኮታ ተመለስን። በሦስት ቀን 14 ጊዜ ተኩሼ አራት አውራ ጣልኩ፤ አራቱንም አገኘኋቸው፤ አንዱን ግን ያገኘችልኝ የባልደረባዬ ውሻ ፊላው ውስጥ ሩብ ሰዓት ፈልጋ ነው። ሦስቱ የወደቁት በቀኙ አፍ፣ ከ30 ያርድ ባነሰ ርቀት ነው። በግራው ያገኘሁት አንዱን ብቻ ሲሆን እሱም ወደ 40 ያርድ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ስድስት ጊዜ የሳትኩት እቴጌ እንዳሉት ከጅራቱ ኋላ ነው፤ ወፉ ሄዶ ላባ እንኳ አልረገፈም።

ሁለቱን ከጾሙ በፊት በልተናቸዋል፤ ሁለቱ ለገና ማቀዝቀዣ ውስጥ ናቸው። ባለቤቴ ላባዋን ተከትላ ከአንዱ ጭን ሦስት ፍሬ አውጥታ በሲኒ ሳህን አኖረችልኝ፤ ድምቡልቡል ያሉ አልነበሩም፤ አንዷ እንደ ተሰበረ ሽንብራ ተከፍላለች። ቢስሙዝ ተሰባሪ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው።

በዲሴምበር አንድ ጊዜ ልንመለስ አስበናል፤ እስከዚያ የገናው ጾም ስለሚገባ ለማቀዝቀዣው ብቻ እናድናለን። በዚያ ብርድ ወፎቹ ከሩቅ ይነሣሉ ይባላል። ቁጥሩን ልቀይር?

የሱ ፎልሱ ሽማግሌ

እስከዚያ የተረፉት አውራዎች ገና የመኪና በር ሲዘጋ ሰምተው የሚነሡ ናቸው። በግራው አፍ ቢስሙዝ 4 ያጉርሱ፤ በቀኙ 5 ይቆይ። የመኪናዎን በርም ቀስ አድርገው ይዝጉት።

ባለሁለት አፍ

አንድ ሳጥን 4 አዝዣለሁ። ሦስት ወረቀትም አዘጋጅቻለሁ፤ ልጄ ዘንድሮ እኔ ብቻዬን እቆጥራለሁ ብላለች።